ከእራቱ በፊት ያለችው ቅዳሜ

ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ
ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 2025

ለአቶ ታመነ፣

«አቶ» ያልኩህ ተናድጄ ነው። ወንድምነትህን አልካድኩም፤ የአንድ እናት ልጆች መሆናችንን ማን ይክደዋል? ግን «ጋሼ» ብዬ ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ፤ እኔም አላስገደድኩትም።

ሚስትህ የውብዳር «ስልኩን ለምን አታነሳም?» ብላ በጌጤ በኩል ጠይቃኛለች። መልሱ ቀላል ነው። አራት ወር ሙሉ «እማዬ ደህና ናት፣ አሁን ተኝታለች» ያለኝ የአንተ ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ እንደገና ማመን አቃተኝ። ጽሑፍ ይሻላል፤ ቢዋሽ እንኳ ተመልሶ ይነበባል። ነጋዴዋ ጌጤ እንደ ድሮው ዕቃ ይዛ ከዚህ ከኢስትሊ ገበያ በሞያሌ አድርጋ ዲላ ድረስ ትመላለሳለች። ደብዳቤዬን ሱቅህ ታደርስልኛለች፣ መልሱንም ታመጣለች።

ዛሬ ከእራቱ በፊት ያለችው ቅዳሜ ናት። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ የጌታን እራት እንወስዳለን። በዋዜማው እስከ ቀትር እንጾማለን፣ ስልክ እናጠፋለን፣ እያንዳንዱ ለብቻው ጥሞና ይይዛል። ባለፈው ወር ምን ሆንኩ፣ ማን ተቀየመኝ፣ እኔስ በማን ላይ ቂም ይዣለሁ ብሎ ራሱን ይመረምራል። እኔ የምቀመጠው ፎቁ አናት ላይ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ቦታ፣ ከውሃ ታንከሩ ጥግ ነው። ዛሬ ተቀምጬ ተቀምጬ ያገኘሁት አንተን ብቻ ነው።

ባለፈው ወር የሆነውን ከእኔ አፍ ስማው። እሑድ ነው፤ ጽዋው በትሪ ከወንበር ወንበር እየመጣ ነው። ከዲላ የመጣው እንግዳ ሰባኪ ዞር ብሎ እጄን ያዘና «እህት ፍቅርተ፣ በእናታችን በእትዬ አያልነሽ እረፍት ጌታ ያጽናሽ፤ በሰኔ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ» አለኝ። ሰውየው ምን ያጠፋው አለ? አለመስማቴን በምን ይጠርጥር? ዙሪያዬን ሳይ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። ሁሉም ያውቁ ነበር! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው። ትሪው ሲደርሰኝ ለጎረቤቴ አሳለፍኩት። ነገም አሳልፈዋለሁ፤ ቂም በሆዴ ይዤ ጽዋ አላነሳም።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ አስተርጓሚ ነኝ። ስደተኛው «ልጄ ሞተ» ካለ «ሞተ» ብዬ ነው የምናገረው። «ትንሽ አሞታል» ብል በዚያው ቀን ያባርሩኛል። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ይባላል። የቀበርከው አንተ፣ የነበርከው አንተ!

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ለምን? «ለጤናሽ አስበን ነው» እንዳትለኝ። የማሕፀን ዕጢዬ፣ ማዮማው፣ ከወጣልኝ በኋላ በሐምሌ ሥራ ገብቼ በማታቱ ታክሲ እየተጋፋሁ ነበር።

ፍቅርተ


ዲላ
ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለፍቅርተ፣

ሰላምታዬ ከጌጤ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ይርጋ ጨፌን አልፎ፣ ሞያሌ ላይ ፍተሻውን በሰላም ተሻግሮ ከደጃፍሽ ይድረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? የተሰፋሽው ቦታ በብርድ አይጠዘጥዝሽም? እዚህ ሁላችንም ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የውብዳር እጅ ትነሳለች። ሱቁም ደህና ነው፤ ሲሚንቶ ጠፍቶ ነበር፣ አሁን ትንሽ ትንሽ መግባት ጀምሯል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ማዘንሽ ልክ ነው፤ ማንም አይፈርድብሽም። እኛ ግን ለጤናሽ አስበን ነው። ከኦፕራሲዮን በተነሣሽ በሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይነገራል? መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። እዚያ ላሉት ለቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌ ለጋሽ ሐብተማርያም በሐምሌ ደውዬ አደራ ሰጥቻለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን እኔ አላውቅም። ካስቀየምንሽ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ስለ እኛ ብለሽ ከጌታ ማዕድ አትቅሪ። ሰው ያወራል። አንቺም ትጎጃለሽ።

ነገ በእኛም በኩል የወሩ መጀመሪያ እሑድ ነው፤ የኅዳሩን እራት እንወስዳለን። በጸሎት አስብሻለሁ።

ወንድምሽ ታመነ


ናይሮቢ
ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 6 ቀን 2025

ታመነ፣

ሰላምታህ ፍተሻውን አልፎ ደርሷል። ከሰላምታው በኋላ ያለው ግን ባዶ ነው። እንዳትለኝ ያልኩህን ነገር ሦስት መስመር ሳትሄድ አልከኝ! «ካስቀየምንሽ» ምን ማለት ነው? ተቀይሜያለሁ እኮ! ደግሞ «እኛ» ማን ነው? ስልኩን ይዘህ ስታወራኝ የነበርከው አንተ ብቻህን ነህ።

ጋሽ ሐብተማርያም ቢሮዬ ድረስ መጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ። ሽማግሌው እንባቸው መጣ፤ እሳቸውን ይቅር ብያለሁ። «ዛሬ ነገ ስል፣ ኋላም ወንድሟ ነግሯት ይሆናል ብዬ» አሉኝ። አንተ እሳቸውን ስትጠብቅ፣ እሳቸው አንተን ሲጠብቁ፣ እኔ በነሐሴ ለእማዬ ሹራብ ገዛሁ። ልባሽ እንዳይመስልህ፤ አዲስ፣ ከሱቅ። በማን ልላክላት ስልህ «ቆይ፣ ሰው እስኪገኝ» አልከኝ። ወይ ነዶ! አሁንም ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።

ባለፈው ወር ትሪውን ሳሳልፍ እህቶች ወሬ ጀመሩ። አንዷ ሥራ ቦታ ስርቆት ተገኝቶብኝ ነው ትላለች አሉ። ሌላዋ ዓይኗን ከሆዴ ላይ አልነቅል ብላለች፤ ወንድ ደብቄ ያረገዝኩ መስሏታል። በዚህ በተቀደደና በተሰፋ ሆድ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቤት ስገባ አለቀስኩ።

ዛሬም ጣራው ላይ ተቀምጬ ይቅር ልልህ ሞከርኩ። እውነቴን ነው፣ ሞከርኩ። ግን ምኑን ነው ይቅር የምለው? ምን እንዳደረግክ ሳትነግረኝ?

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። በሐምሌ አንድ ቀን «ሾርባ ጠጥታ ተኛች» አልከኝ። የምን ሾርባ ነው ስልህ «የምስር፤ ካሮት ገብቶበት፣ ጨው ቀንሰንላት» አልከኝ። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ አብራኝ ለምትኖረው ለልዕልት «እናቴ ምግብ ጀመረች» ብዬ ነገርኳት። ታመነ፣ ያን ሾርባ ማን ሠራው?

ልዕልት መውለጃዋ ደርሷል። ባሏ ስምዖን ሥራው ጁባ ስለሆነ ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በዚህ ወር ሌላ ደብዳቤ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። አንተ ግን ጻፍ።

ፍቅርተ


ዲላ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ፍቅርተ፣

ደብዳቤሽን ሱቁን ዘግቼ ነው ያነበብኩት። ለእማዬ የገዛሽውን ሹራብ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው፤ አውቅ ነበር፤ ከስልኩ በኋላ ራሴን ጠልቼ ነበር።

የእማዬን ነገር ልንገርሽ። ልቧ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ዐረፈች። የውብዳር ውሃ ልታመጣ ወጥታ ስለነበር አጠገቧ የነበርኩት እኔ ነኝ። አልተሠቃየችም፤ ትንፋሽ ነው ያጠራት። በማግስቱ ቀበርናት። ዝናብ ነበረ፤ መዘምራኑ ጃንጥላ ይዘው ዘመሩላት። ሰው ብዙ ነው የመጣው፤ ስልጤ ሰፈር ያሉ የድሮ ጎረቤቶቿ ሳይቀሩ መጥተዋል። የአንቺም ስም ተጠርቶ ተጸለየልሽ።

ሾርባውን ማንም አልሠራውም። እኔ ነኝ ያልኩት። ለምን እንዳልኩት ሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ፤ አሁን ደንበኛ መጥቶብኝ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ለልዕልት በሰላም መገላገልን እንመኝላታለን።

ታመነ


ናይሮቢ
ቅዳሜ፣ ጃንዩወሪ 3 ቀን 2026

ታመነ፣

ሱቅ ዘግቶ ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ደንበኛ በየት በኩል ገባበት? ውሸት እንኳ አታውቅበትም።

የእማዬን ስለነገርከኝ ግን አመሰግናለሁ። ሐሙስ መሆኑን እንኳ አላውቅም ነበር። ጃንጥላዎቹን ደጋግሜ አሰብኳቸው።

ዛሬ ጥሞናው አልሆነልኝም። አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እንዳትስቅብኝ። ብትስቅም ይገባኛል።

ልዕልት ባለፈው ሳምንት በኦፕራሲዮን ወለደች። ሴት ልጅ ናት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ይሄኛው «ደህና» የእውነት ነው። በወለደች ማግስት ስምዖን ከጁባ ደወለልኝ። የልዕልት አባት አቶ ክብረት ሆሳዕና ላይ ሞተዋል፤ ልጅቷ ከመወለዷ በፊት በነበረው ቀን። «አደራ፣ ስፌቷ እስኪደርቅ እንዳትነግሪያት» አለኝ። ለእኔ! እኔን እንዲህ ይለኛል! «እንዲህ ያለ ነገር እኔ ዘንድ የለም፤ ዛሬውኑ እነግራታለሁ» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ክፍሏ ገባሁ። እያጠባች ነበር። ቀና ብላ «አባዬ አልደወለም?» አለችኝ።

«ደውለው ነበር፤ ኔትወርኩ ተቋረጠ እንጂ» አልኳት። ማንም አላስተማረኝም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ልለው አላሰብኩም። በዚያም አልበቃኝ። ፊቷ ሲበራ ሳይ ጊዜ አፌ ሮጠና «ስሟን የማወጣላት እኔ ነኝ ብለዋል» አልኩ። ከየት አመጣሁት? አላውቅም። አሁን ልጅቷ ስም የላትም። ጎረቤቱም፣ የቤተ ክርስቲያን ሰውም፣ የበሩ ዘበኛም «ማን ትባላለች?» ሲሉ ልዕልት «አያቷ እስኪደውል እየጠበቅን ነው» ትላለች። እኔ ገንፎ ይዤ እገባለሁ፣ እየሳቅኩ ሳህን ይዤ እወጣለሁ። የሌላውን ቃል እንዳለ አደርሳለሁ ብዬ ስመጻደቅብህ የነበርኩት ሴትዮ!

ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ። ውሸት እንዴት እንደሚወጣ አወቅኩ እንጂ ንዴቴ እዚያው ነው። ግን ይሄን የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም። እኔ በጥቂት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ፊቷን ማየት አቅቶኛል። አንተ ያን ሁሉ ወር እንዴት ቻልክ?

ነገም ትሪውን አሳልፈዋለሁ። በአንተ ቂም ይሁን በራሴ ኃጢአት ግን መለየት አቅቶኛል።

ፍቅርተ


ዲላ
ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፍቅርተ፣

አልቻልኩም። ጥያቄሽ ይሄ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ደንበኛም አልነበረም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርግጥ ለስፌትሽ ፈርቼ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለአንቺ አዝኜ አይደለም፤ ለራሴ ነው። መጀመሪያ ጩኸትሽን መስማት ፈራሁ። እየቆየ ሲሄድ ሌላ ነገር መጣ። እዚህ ሁሉም ሰው እማዬ መሞቷን ያውቃል። አልጋዋ ተነሥቷል፣ የውብዳር ልብሷን ለችግረኛ ሰጥታለች፣ ሱቅ የሚገባው ሰው ሁሉ «ጌታ ያጽናህ» ይለኛል። አንቺ ስትደውዪ ግን «እማዬ እንዴት አደረች?» ትዪኛለሽ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው በዓለም ላይ አንቺ ብቻ ነበርሽ። «ደህና አደረች» ስልሽ፣ ስልኩ እስኪዘጋ ድረስ ደህና ታድርልኝ ነበር። ሾርባውን ያልኩሽ ቀን ደስ ብሎኝ ነበር ፍቅርተ። ካሮቱን ስከትፍ፣ ጨው ስቀንስ ታየኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ፣ ከቆርቆሮው ኋላ ቆሜ አለቀስኩ። በማግስቱ ግን መደወልሽን ስጠብቅ ዋልኩ።

ይሄን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ኅብስቱን ለምእመናን የማድለው እኔ ነኝ፤ ከሰኔ ወዲህ ግን አድላለሁ እንጂ አልቀምስም። የማድለው እኔ ስለሆንኩ ወስዷል አልወሰደም ብሎ የሚያየኝ የለም። በወር በወሩ ተቀምጬ ራሴን እመረምራለሁ፣ ያው መልስ ነው የማገኘው፣ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

በደልኩሽ። «ካስቀየምኩሽ» አልልም። እናትሽን ማልቀስ ሲገባሽ አራት ወር ሾርባ መገብኩሽ። የልጅነት መብትሽን ነው የወሰድኩብሽ። ይቅር በይኝ።

ለልዕልት ንገሪያት። እየቆየ ሲሄድ ለማን ብለሽ እንደምትዋሺ አታውቂውም። ስትነግሪያት ሁሉንም ንገሪያት፤ የስሙንም ነገር።

ታመነ


ናይሮቢ
እሑድ፣ ፌብሩወሪ 1 ቀን 2026

ጋሼ፣

ይቅር ብዬሃለሁ። አስቀድሜ የጻፍኩት እስከ መጨረሻው እየተጨነቅክ እንዳታነብ ነው። አንዳንድ ቀን ንዴቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ልዋሽህ አልፈልግም። ሲመጣ ግን አንተን ቆርቆሮው ኋላ ቆመህ አይሃለሁ፣ ከዚያ ያልፍልኛል።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት፣ በጠዋት፣ ጋሽ ሐብተማርያምን ይዤ ልዕልት ክፍል ገባሁ። እሳቸው መግቢያውን ሲያረዝሙባት «ልዕልት፣ አባትሽ ሞተዋል» አልኳት። ጮኸች። የታች ፎቅ ኬንያውያን ወጥተው በስዋሂሊ «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና»፣ አይዞሽ እያሉ ደረጃው ላይ ቆሙልን። ለቅሶው ጋብ ሲልላት የቀረውን ሁሉ ነገርኳት፤ መቼ እንደሞቱ፣ መውለዷን ሳይሰሙ እንደሞቱ፣ ስሙንም እኔ እንደፈጠርኩት። ዓይን ዓይኔን እያየች «እየሳቅሽ ገንፎ ስታቀርቢልኝ ነበር» አለችኝ። እኔ ለአንተ ያልኩትን ነው የምትለኝ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷን ትሰጠኛለች፣ ቃል ግን አትሰጠኝም።

ትናንት ጣራው ላይ ተቀምጬ አንተን ፈለግኩህ፤ በቂም በኩል የለህም። ልዕልት ግን አለች። ስለዚህ ዛሬም ትሪውን አሳለፍኩት፤ በአንተ ምክንያት አይደለም። የተቀየመችኝ ሴት እዚያው ወንበር ላይ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች፤ እንዴት ብዬ ጽዋ አነሣለሁ? ልዕልት ማሳለፌን አየች። እሷም አሳለፈችው።

ስንመለስ ማታቱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ላቪንግተን ስንደርስ መንገዱ ተዘጋጋና ቆምን። ያን ጊዜ ነው አፏን የፈታችው። «የስሙን ነገር መንገርሽ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ሳላውቅ ብቀር ኖሮ፣ ማን ብሎ ሊሰይማት ነበር እያልኩ ዕድሜዬን እፈጀው ነበር። አሁን ራሴ አወጣላታለሁ።» ይሄን ብላ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ታርቀናል ማለት ነው መሰለኝ፤ እስከ ቤት ድረስ እጄ ደንዝዞ ተሸክሜያት ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ራሴ ሳስብ ነው የዋልኩት። ከኖቬምበር ጀምሮ «ለምን?» እያልኩ ስጮህብህ አንድ ሌላ ጥያቄ ነበረኝ፤ እሱን ላለመጠየቅ ነው ያን ያህል የጮህኩት። መልሱን ፈርቼ ነው። እማዬ ስታርፍ አጠገቧ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ። ጠርታኛለች? ስሜን አንሥታለች? የሚያጽናናኝን አትፈልግልኝ። የሆነውን ጻፍልኝ።

ጌጤ ማክሰኞ ትነሣለች፤ በእሷ እልከዋለሁ።

እህትህ ፍቅርተ


ዲላ
ጥር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ፍቅርተዬ፣

ነገ የካቲት አንድ እሑድ ነው። ኅብስቱን አድዬ፣ እኔም እወስዳለሁ። ከዚያ በፊት የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ።

አልጠራችሽም።

እኔንም አልጠራችኝም። እጇን ይዤ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ታመነ ነኝ» እላታለሁ፤ አታየኝም። ዓይኗ ወደ በሩ ነበር። «እማ» ትላለች። የውብዳርንም «እማ» እያለች ስለምታቆላምጣት እሷን መስሎኝ ልጠራልሽ አልኳት። አልሰማችኝም። እናቷን ነበር የምትጠራው፤ እኔና አንቺ አይተናት የማናውቀውን ሴት። እንደ ሕፃን ልጅ ደጋግማ ጠራቻት፤ ከዚያ ዐረፈች።

ታመነ